ፎገራን በብስክሌት፦ ከርብ ዳር እስከ ቁልቋል በር
(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ሲጋብዘኝ «ስለ ሥራሽ ሳይሆን ከሥራ ውጭ ስለምትወጂው ነገር ንገሪን» ነው ያለኝ። ከሥራ ውጭ የምወደው ነገር ደግሞ ብስክሌት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስላይድ የለም፣ ግራፍ የለም፣ «ፒ ቫልዩ» የለም። ስለ ብስክሌት፣ ስለ ፎገራ ሜዳና ከሜዳው ወዲያ ስላለው ስለ ቁልቋል በር እናገራለሁ። መጨረሻ ላይ ግን የምጠይቃችሁ ነገር ስላለ ከወዲሁ ተዘጋጁ።

ፎገራን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሁሉ አልፎበታል። ግን እንዴት ነው ያለፍንበት? በአውቶቡስ መስኮት። አዲስ ዘመን ላይ ወርደን ሻይ እንጠጣለን፤ ተመልሰን ስንሳፈር ዳገቱ አልቋል፣ መንገዱ ቀጥ ብሏል፣ እንቅልፍ ይወስደናል። ወረታ ላይ የሽንኩርት ሻጮች ድምፅ ይቀሰቅሰናል። ከዚያ የጉማራ ድልድይ፣ ሐሙሲት፣ ባሕር ዳር። ለብዙዎቻችን ፎገራ ማለት የተኛንበት መንገድ ነው።

ሜዳው ግን ሊታይ የሚገባው ነው። በምሥራቅ በኩል ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው፣ የደጋውን አፈር ተሸክመው፣ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወረታ ከሐይቁ ወለል የምትበልጠው በጥቂት አሥር ሜትሮች ብቻ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ከከተማው እስከ ሐይቁ ዳር ያለው ቁልቁለት በእግር የሚሄድ ሰው እንኳ የማይሰማው ነው። ለጎርፍ የተመቸ መሬት ነው፣ ለሩዝ የተመቸ ነው፣ ለብስክሌትም እንዲሁ።

ብስክሌት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ተማሪው፣ አናጢው፣ ነጠላዋን አጣፍታ ገበያ የምትሄደው ሴት ሁሉ በብስክሌት ሲጓዙ አይቷል። አገሩ ሜዳ ስለሆነ ነው። ጎንደር የተማርን ሰዎች ግን ዳገት እየወጣን ስላደግን ብስክሌትን የልጆች ጨዋታ አድርገን ነው የምናስበው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብስክሌት ሲበላሽ ጠጋኙ ምን እንደሚል ሰምታችኋል? «ካላማዳሪያው ተበስቷል፣ ካቴናው ላልቷል፣ ጎማው አልቋል፣ ፍሬኑ አይዝም» ይላል። እነዚህ ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ጣሊያን ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃላቱ ግን ዛፍ ሥር በተቀመጠ ጠጋኝ አፍ ውስጥ ቀርተዋል። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

አሁን እንደ ሐኪም ልናገር። ብስክሌት ይዛችሁ አስፋልቱ ላይ ውጡ አልልም። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ መተማ የሚወስደው የጭነት መንገድ ነው፤ ወረታ ላይ ደግሞ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው ይገነጠላል። ከባድ መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ከብቱ፣ ተማሪው ሁሉ በአንድ ጠባብ መንገድ ይጋፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ድንገተኛ ክፍል ያደረ ሰው ይህን ቁጥር ከሪፖርት አይማረውም። እኔ የምናገረው መኪና ስለማይደርስበት መንገድ ነው።

እንዲህ ያለ መንገድ በሌላ አገር በመንግሥት ይሠራል። በሰሜን ፈረንሳይ ሶም የሚባል ወንዝ አለ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ ኅዳር 1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተካሄዱት እጅግ ደም አፋሳሽ ውጊያዎች አንዱ የተካሄደው እዚያ ነው። ዛሬ በወንዙና በቦዩ ዳር፣ ድሮ ፈረስ ጀልባ ይጎትትበት በነበረው መንገድ፣ ብስክሌተኛ እስከ ባሕሩ ድረስ መኪና ሳይገፋው ይሄዳል። አገሩ ሜዳ ነው፣ ስንዴና ድንች ነው፣ ጸጥታ ነው። በየመንደሩ ዳር ደግሞ መቃብር አለ፤ በየመቃብሩ ላይ ስም አለ። አስከሬናቸው ላልተገኘ ወታደሮች ቲየፕቫል የሚባል ቦታ ላይ በቆመው ሐውልት ከ72,000 በላይ ስም በድንጋይ ተጽፏል። እዚያ በሄድኩ ጊዜ የገረመኝ የሐውልቱ ትልቅነት አልነበረም። አንድ ስም እንኳ እንዳይቀር መድከማቸው ነው።

የእኛ ሜዳ ሐውልት የለውም፣ የብስክሌት መንገድ ተብሎ የተሠራም የለውም። መንገዱ ግን አለ። ሩዙ ታጭዶ ሲያበቃ፣ ከኅዳር ወዲያ፣ ጥቁሩ ዋልካ ይደርቅና በእግርና በከብት የተመታው የማሳ መንገድ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። በርብና በጉማራ ዳር ለጎርፍ መከላከያ የተሠራ የአፈር ግድብም አለ፤ ላዩ ላይ መሄድ በሚቻልበት ቦታ ሁለቱንም ወገን ያሳያል። በክረምት ግን አትሞክሩት። ያ ዋልካ ሲረጥብ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ብስክሌቱን ራሱን ያሸክማችኋል።

ምን ይታያል? መጀመሪያ ሩዝ። ሩዝ የፎገራ ጥንታዊ እህል አይመስላችሁ። በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጀመረ። ዛሬ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ብሔራዊ ማዕከል ያለው እዚያው ነው። ውሃ ተኝቶበት ለግጦሽ ብቻ ይውል የነበረ መሬት የገበያ እህል ሰጠ። ቀጥሎ ከብቱ ይታያል፤ በስሙ የሚጠራው የፎገራ ላም፣ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር፣ በውሃማ መሬት መዋል የለመደ። ከዚያ በሞተር ፓምፕ የሚጠጣው ሽንኩርት። ከዚያ በቀረው እርጥበት የሚበቅለው ጓያ። ጓያን ስታዩ የነርቭ ትምህርታችሁ ትዝ ይበላችሁ፤ በችግር ዘመን ጓያ ብቻ እየበሉ እግራቸው የታሰረ ሰዎች ከተጠኑባቸው ቦታዎች ደምቢያና ፎገራ ይገኙበታል።

ወደ ሐይቁ ስትጠጉ ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች አሉ። የዘውድ ወፍ የምንለው አክሊል ያለው ቁራሚድ፣ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ረግረጎቹ ግን በእርሻና በፓምፕ ምክንያት እየጠበቡ ነው፤ የሐይቁን ዳር ደግሞ ከ2003 እና 2004 ወዲህ እንቦጭ ወሮታል። ወንዞቹም ራሳቸው እየተለወጡ ነው። ከደጋ የሚመጣው አፈር የጉማራን ወለል በድልድዩ አካባቢ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት ሜትር ገደማ ከፍ እንዳደረገው ተለክቷል። ወንዝ ወለሉ ከፍ ሲል ውሃው ወዴት ይሄዳል? በ1998 ክረምት ፎገራን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ የምታስታውሱ መልሱን ታውቁታላችሁ። ይህ ሁሉ በአውቶቡስ መስኮት አይታይም። በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ሲኬድ ግን ይታያል፤ ቆም ተብሎም ገበሬው ይጠየቃል።

ለእኛ ለጎንደር ልጆች እነዚህ የጣና ዙሪያ ሜዳዎች ከእይታ በላይ ናቸው። ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954) የተቋቋመው ለምን ነበር? በሐይቁ ሰሜን፣ በደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ ወባ ሕዝቡን ስለፈጀው ነው። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው በአንድ ቡድን ገጠር እንዲወጡ የተደረገው በዚያ ምክንያት ነው። በ1997 ደግሞ በሊቦ ከምከም ወባ መስሎ የመጣ ትኩሳት መድኃኒት አልመልሰው ሲል ካላአዛር ሆኖ ተገኘ፤ ለሥራ ወደ ሁመራና መተማ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት አልቀረም ተባለ። ሜዳው ከሁሉም በፊት የእኛ ታካሚ ነበር ማለት ይቻላል። በካርድ የምናውቀውን አገር በእግሩ ሄዶ ማየት ተገቢ ነው።

እንግዲህ ወደ ጦርነቱ ልመለስ።

ለእህልና ለከብት የተመቸ ሜዳ ለሠራዊትም ይመቻል። በ1535 ዓ.ም. አፄ ገላውዴዎስ ከተረፉት ፖርቱጋሎች ጋር ሆነው ኢማም አሕመድን የገጠሙት ከጣና በስተምሥራቅ፣ ወይና ደጋ በተባለው ቦታ ነው። በዘመነ መሳፍንት ከሜዳው በላይ ያለችው ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መቀመጫ ስለነበረች የሚወጣውም የሚወርደውም ጦር የሚቀለበው ከዚሁ ገበሬ ጎተራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል ተጎትቶ ወደ መቅደላ የሄደው ከዚያው ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ነው።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። መጋቢት 23 ቀን 1928 ጎንደር ገባ። አምስቱ ዓመት አለፈ። በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም ጄኔራል ናሲ ጎንደርን ይዞ አልወጣም አለ። የደብረ ታቦሩ ጦር በሰኔ መጨረሻ እጁን ሰጠ። ከደቡብ ወደ ጎንደር ለሚመጣ ሠራዊት የቀረው ዋና መዝጊያ ከአዲስ ዘመን ወዲያ ያለው ቁልቋል በር ነበር።

«በር» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። አባቶቻችን በተራራ መካከል ያለውን መተላለፊያ በር ነው የሚሉት። የዘጋውም የከፈተውም አገሩን ይይዛል። ከሜዳው ተነሥታችሁ ወደ ጎንደር ስትወጡ፣ ብስክሌታችሁ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ፣ ጦር ለምን እዚያ እንደመሸገ እግራችሁ ያስረዳችኋል። አውቶቡስ ውስጥ ይህ ትምህርት የለም።

ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ ኅዳር ምሽጉ ተከበበ። ውስጥ የነበሩት የጣሊያን ካራቢኒየሪዎች፣ ጥቁር ሸሚዞችና በጣሊያን ሥር የሚያገለግሉ የእኛው አካባቢ ወታደሮች ነበሩ። ውጭ ያሉት አርበኞችና በእንግሊዝ ሥር ከኬንያና ከአካባቢዋ የመጡ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩ። ኅዳር 4 የተሞከረው ማጥቃት አልተሳካም። የመጨረሻው ውጊያ የተደረገው ኅዳር 12 ቀን 1934 ነው፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1941። ምሽጉ በዚያ ቀን ወደቀ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 18፣ ጎንደር እጇን ሰጠች፤ የጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት አበቃለት።

ኅዳር 12 ምን ቀን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። ኅዳር ሚካኤል ነው። ለሐኪሞች ደግሞ ሌላ ቀንም ነው፤ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ፣ የኅዳር በሽታ ያልነው፣ ሰው ስለፈጀ እስከ ዛሬ በዚያ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ በጭስ ይታጠናል። በአንድ ቀን ላይ አንድ ወረርሽኝና አንድ ጦርነት ተደርበዋል። ወረርሽኙን በጭስ እናስታውሰዋለን። ጦርነቱንስ?

ጣሊያኖቹ ያስታውሱታል። የካራቢኒየሪ ሠራዊት የጠባቂ ቅድስቲቱን በዓል በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ሲያከብር የቁልቋል በርን ስም ይጠራል፤ ለሰንደቅ ዓላማውም ስለዚያ ውጊያ የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጥቶታል። የተሸነፈው ወገን ነው ይህን የሚያደርገው። አልፈርድባቸውም፤ ሙታናቸውን ማስታወሳቸው ነው። ነገር ግን በሩ የእኛ ነው፣ አገሩ የእኛ ነው፣ ከገደሉ ሥር የቀረው አርበኛ የእኛ ነው። እህሉን ለሁለቱም ጦር የገበረው ገበሬም የእኛ ነው። በምሽጉ ውስጥ በጣሊያን ሥር ሆኖ የሞተው ወታደርም ቢሆን እናቱ ትግርኛ ወይም አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የምትናገር ሴት ነበረች። እነዚህ ሁሉ ስም ነበራቸው።

እዚህ ላይ ነው የምጠይቃችሁ። ሁላችሁም ሥራ በጀመራችሁበት ጊዜ ዕድሜውን የማያውቅ ሽማግሌ መጥቶላችሁ ያውቃል። ምን ብላችሁ ጠየቃችሁት? «አባቴ፣ ጣሊያን ሲገባ ስንት ዓመትዎ ነበር?» ሽማግሌውም «ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይላል፤ እማማ ደግሞ «ሊድሩኝ ሲሉ ነው የገባው» ይላሉ። በልባችን ደምረን ቀንሰን ካርዱ ላይ ዕድሜ እንሞላለን። ጣሊያን ለእኛ ለሐኪሞች የዕድሜ መቁጠሪያ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ «ከዚያስ ምን አዩ?» የሚለው፣ ካርዱ ላይ ቦታ የለውም።

በ1934 አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ከዘጠና አልፏል። በጣም ጥቂቶች ናቸው የቀሩት። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን አሉ፤ አባቱ ቁልቋል በር ላይ የቀረ፣ አያቱ ቁስለኛ የደበቀች፣ ጉድጓዱን የሚያሳይ ሰው አለ። እነዚህ ሰዎች ወረታና አዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ለደም ግፊታቸው ይመጣሉ። ታሪክ ጸሐፊ ላያገኛቸው ይችላል። እኛ በየወሩ እናገኛቸዋለን።

ይህን የምለው ለድሮው ጦርነት ብቻ ብዬ አይደለም። ነሐሴ 2013 ጦርነት እስከ ጉና ሥር ደርሶ፣ ደብረ ታቦር ላይ መድፍ ወድቆ እንደነበር ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህም ክልላችን ሰላም አጥቶ ከርሟል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቁስለኛ ስታክሙ ሌሊቱን ያደራችሁ አላችሁ። ለሰማንያ ዓመቱ ጦርነት ስም መጻፍ ካልለመድን፣ ለዛሬዎቹ ማን ይጽፍላቸዋል?

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ በኅዳር፣ ማኅበራችን የብስክሌት ጉዞ ያዘጋጅ። ሁለት ቀን ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን ከወረታ ተነሥቶ ከአስፋልት ውጭ በማሳ መንገድ ወደ ሐይቁ ዳር፣ በርብ ግድብ ላይ መመለስ። ጉልበት የተረፈው በደብረ ታቦር መንገድ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ አውራ አምባን ይይ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ወንድም ሴትም እኩል የሚሸምንበት መንደር ነው። ሁለተኛው ቀን አዲስ ዘመን ማደሪያችን ይሁንና ወደ ቁልቋል በር እንውጣ። ያ ክፍል አስፋልት ስለሆነ ከፊትና ከኋላ አጃቢ መኪና ያስፈልገናል፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ምን ይያዛል? ትርፍ ካላማዳሪያና ማስቲሽ፤ የግራር እሾህ ዶክተር ነው ወይስ ነርስ ብሎ አይጠይቅም። በቂ ውሃ፣ ባርኔጣ፣ የራስ ቁር። መድኃኒት የምትወስዱ መድኃኒታችሁን፤ እንደምታውቁት የሐኪምን ያህል መድኃኒቱን የሚረሳ ታካሚ የለም። ማሳ ስታቋርጡ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ከሁሉ በላይ ደብተርና እስክርቢቶ። በየመንደሩ ቆመን «እንደምን ዋላችሁ» ካልን በኋላ ሁለተኛውን ጥያቄ እንጠይቅ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሞተበትን ቦታ እንጻፍ። የሚመዘገበውን የዩኒቨርሲቲያችን የታሪክ ክፍል እንዲረከበን አሁን እዚህ ያላችሁትን መምህራን በአደባባይ እጠይቃለሁ። በዝግጅቱም ገበሬዎቹ፣ ቀበሌዎቹ፣ የአጥቢያ ካህናትና ሽማግሌዎች ከጅምሩ ይኑሩበት፤ ታሪኩ የእነሱ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አሥር ስም ብናገኝ አሥሩን በዚህ የዓመት መጽሐፍ ላይ እናትም። በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ይሆናሉ። ሐውልት ለመሥራት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ስም ለመጻፍ ግን የሚያስፈልገው ቀስ ብሎ መሄድና ቆሞ ማዳመጥ ብቻ ነው።

ለመሳተፍ የምትፈልጉ ከምሳ በኋላ ዝርዝሩ በር ላይ ይጠብቃችኋል። ብስክሌት መንዳት የማትችሉም ተመዝገቡ፤ ሜዳ ነው፣ እናስተምራችኋለን።